የፍየሎቹ ኬላ

ባቡር በሌለበት አገር የባቡር ምልክት ሠራተኛ ሆኖ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ካለ እኔን ይጠይቀኝ። ሰቆጣ ተወልጄ፣ ሰቆጣ ተምሬ፣ እንጀራ ፍለጋ ቆላ ወርጄ፣ ሐዲድና የመኪና መንገድ በሚገናኙበት ቦታ የሚቆመውን ምልክት ስጠግን ብዙ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። ባቡር ሲቃረብ ደወሉ ይጮኻል፤ ሁለት ቀይ መብራቶች ተራ በተራ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ቀይና ነጭ የተቀባው ረጅም አግዳሚ ቀስ ብሎ ይወርድና መኪናውን ሁሉ ያቆማል። ባቡሩ ያልፋል፣ አግዳሚው ይነሳል። ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ስወደው ደግሞ ለጉድ ነው።

አገሬ ስገባ ግን ማን ይረዳኝ? "ምን ስትሠራ ቆየህ?" ይሉኛል። "ባቡር እንዲያልፍ መንገድ የሚዘጋውን መሣሪያ ስጠግን" እላለሁ።

"ባቡሩን ትነዳለህ?"

"አልነዳም።"

"ሐዲዱንስ ትሠራለህ?"

"እሱንም አልሠራም።"

"እና መንገድ ስትዘጋ ነው የከረምክ?"

አጎቴ አያ ደሳለኝ ደግሞ ሊረዱኝ ብለው ነገሩን አባባሱት። በየሄዱበት "ልጃችን መንገድ ይዘጋል፤ ለዚሁ ደመወዝ ይከፍሉታል" እያሉ አወሩልኝ። ከዚያ በኋላ ሰው በሁለት ተከፈለ። ግማሹ አዘነልኝ፣ ግማሹ ፈራኝ። እኔም የባቡሩን ነገር ትቼ ገበያው አጠገብ የሶላር መብራትና የሬዲዮ መጠገኛ ከፈትኩ።

ለምለምን ያገኘኋት እዚያው ነው። በቀበሌው ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። የተበላሸ የሶላር መብራት ይዛ መጣች፤ ጠገንኩላት። በሳምንቱ ያው መብራት እንደገና ተበላሽቶ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ይዛው ስትመጣ ከፍቼ ባየው ሽቦው በመቀስ ተቆርጧል። ቀና ብዬ አየኋት፣ እሷም አየችኝ፤ መብራቱ ሳይጠገን ዋለ።

እንግዲህ ሽማግሌ መላክ ነው። አባቷ አያ ኪሮስ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ኒሯቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ፍየላቸው ብዙ ነው፣ ቃላቸው ግን ትንሽ ነው። አያ ደሳለኝ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው በጠዋት ደጃቸው ላይ ቆሙ። እኔ ራቅ ብዬ ከግራር ሥር ተቀምጫለሁ። የሆነውን ሁሉ በኋላ አያ ደሳለኝ እየደጋገሙ ነግረውኛልና እንደነበርኩ ልናገር እችላለሁ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ አያ ኪሮስ።

"ጉዳያችን ካልተሰማልን አንቀመጥም" አሉ ሽማግሌዎቹ።

"ተናገሩታ።"

ተናገሩ። አያ ኪሮስ ሰምተው ሲያበቁ "ልጁ ምንድን ነው የሚሠራ?" ብለው ጠየቁ።

"የባቡር ሰው ነው።"

"ባቡሩ የታለ?"

"ቆላ ነው ያለ።"

"ታዲያ ልጄን ቆላ ሊወስዳት ነው?"

"የለም፣ የለም! እሱ ተመልሷል። ባቡሩን እዚያው ትቶት ነው የመጣ።"

"ባቡሩን ጥሎ የመጣ ሰው ልጄንስ እንደማይጥላት በምን አውቃለሁ?" አሉ አያ ኪሮስ። አያ ደሳለኝ ይኼኔ ላብ አጠመቃቸውና የማውቀውን ሥራ ሁሉ ዘረገፉት፤ ደወሉን፣ ቀይ መብራቱን፣ አግዳሚውን፣ መኪናው እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚቆም። "ሰው አይነካውም፤ ባቡሩ ሲመጣ በራሱ ነው የሚዘጋ" አሉ። ይህንን ከእኔ ሲሰሙት አላመኑም ነበር፤ ለእኔ ሲሉ ግን አመኑት።

አያ ኪሮስ ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም አድርገው ተናገሩ። "ይኸ መንገድ ኸሰፋ ወዲህ እኔ ሰላም የለኝም። ቤቴ ኸላይ፣ ወንዙ ኸታች፣ መኻሉ ላይ መኪና። ፍየሎቼ ውኃ ሊወርዱ ሲሉ አንዱ እየከነፈ ይመጣል። ኸነሕይወታቸው እስኪመለሱልኝ እጄን ራሴ ላይ አድርጌ ነው የምውል። ልጁ መኪና ማስቆም ያውቃል ካላችሁ ለፍየሎቼ ያስቁምላቸው። ለባቡር የቆመ ለፍየል የማይቆም ለምንድን ነው?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አያ ኪሮስ ቀጠሉ።

"የካቲት እስኪጋመስ አንዲት ፍየል ሳትነካብኝ ኸከረመች፣ ሁዳዴ ሳይገባ ሠርጉን እንደግሳለን። ኸተነካች ግን ነገሩ ቀረ። ኒሯቅ ያለ አንድ ባለ አይሱዙ ነጋዴም ሽማግሌ ሊልክብኝ እንደሆነ ሰምቻለሁ።"

አያ ደሳለኝ ወደ ግራሩ ሲመጡ ፊታቸው ላይ ደስታም ኀዘንም አላየሁም። "ተፈቅዶልሃል" አሉኝ፤ "ግን ለፍየሎቹ ነው።"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለኝ። ስንት ዓመት የተማርኩት ሙያ አገሬ ላይ ሥራ ሊያገኝ ነው! ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ ግንዶች አስጠርቤ ቀይና ነጭ ቀባኋቸው፤ አንዱ ከኒሯቅ ለሚመጣ፣ አንዱ ከሰቆጣ ለሚሄድ። ከአሮጌ መኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነቀልኩ። ቀይ መብራቶቹን ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ገዛሁ። ደወሉን ለምለም ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት የተጣለ ፈልጋ አስፈቅዳ አመጣችልኝ። ፀሐይ ባትሪውን ትሞላለች። ፍየሎቹ ከሚወርዱበት መንገድ ላይ ደግሞ ሲረገጥ ደወሉን የሚያስጮህና አግዳሚዎቹን የሚያወርድ ሰሌዳ ቀበርኩ። ቆላ ባቡሩ በገዛ መንኮራኩሩ መምጣቱን ይናገራል፤ እዚህ ፍየሏ በገዛ ኮቴዋ ትናገራለች። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ካልነገርኳችሁ የኋላው ነገር አይገባችሁም። የባቡር ምልክት ሲበላሽ ክፍት ሆኖ አይበላሽም። ኤሌክትሪኩ አግዳሚውን ወደ ላይ ይዞ ይውላል እንጂ ወደ ታች አያወርደውም፤ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ባትሪ ቢያልቅ፣ ሽቦ ቢበጠስ፣ ሠራተኛው ቢታመም፣ አግዳሚው ወርዶ መንገዱን ይዘጋል። ባቡር ባይኖርም መኪና ቢጉላላ ይሻላል ከሚል ነው። ይህንን ሐሳብ በጣም ነው የምወደው፤ ለሰው ሁሉ ሳላስረዳው ውዬ አላድርም። ለምለም ብቻ ናት እስከ መጨረሻው የሰማችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ፍየሎቹ ሰሌዳውን ረገጡ፣ ደወሉ ጮኸ፣ መብራቱ በራ፣ አግዳሚዎቹ ወረዱ፣ መኪናው ቆመ። ፍየሎቹም በደወሉ ደንግጠው ወደ ተራራው ሸሹ። አመሻሹ ላይ ከየጥሻው ስንለቅማቸው አያ ኪሮስ እያንዳንዷን ጮክ ብለው ቆጠሩብኝ። 

በነጋታው መፍትሔ መጣልኝ። ጨው! በዚህ ምድር ላይ ጨው የማይወድ ፍየል የለም። ሰሌዳው ላይ ጨው ነሰነስኩበት። ጨው ሲልሱ ደወሉን ይለምዱታል፣ ሲለምዱት ይሻገራሉ። እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው የሰጠኝ ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ከፍየሎቹ ሁሉ ፊት የሚሄድ ቀንደ ረጅም ወጠጤ አለ። አያ ኪሮስ ሻለቃ ይሉታል፤ ሁሉን ስለሚያዝና የማንንም ትእዛዝ ስለማይቀበል ነው። ሻለቃ ሰሌዳው ላይ ወጣ፣ ጨውን ቀመሰ፣ ወደደው፣ ቆመ። ደወሉ ጮኸ፤ ሻለቃ ጆሮውን እንኳን አላንቀሳቀሰም። ሌሎቹ እሱን አይተው ተረጋጉና በሰላም ተሻገሩ። ሻለቃ ግን አልተሻገረም። ሻለቃ ሰሌዳው ላይ እስካለ ድረስ መንገዱ ዝግ ነው። ሻለቃ ደግሞ ጨው እስካለ ድረስ ሰሌዳው ላይ ነው። ጨውንም በልግስና ነበር የነሰነስኩት።

ዕለቱ የገበያ ዋዜማ ነው። ከኒሯቅ የሚመጣው አውቶቡስ ሰውና ማር፣ ዶሮና ሽንኩርት ጭኖ መጥቶ አግዳሚው ፊት ቀጥ አለ። እኔ ዳር ቆሜ እጄን አጣምሬያለሁ፤ ምልክቴ አውቶቡስ አቆመ እያልኩ። የአውቶቡሱ በር ተከፈተ። ሰው መውረድ ጀመረ። ፍየሎቹን ለማየት የወረዱ መሰለኝና ይበልጥ ኮራሁ።

ወርደው አላበቁም፤ ተሰለፉ። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል። መታወቂያቸውን አወጡ። ቦርሳቸውን ከፍተው መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያም አንድ ላይ፣ ማንም ምንም ሳይላቸው፣ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

እኔ ቆላ ቆይቼ ረስቼው ነበር። በእኛ መንገድ የተጓዘ ሰው እንጨትም ይሁን ገመድ መንገድ ላይ ተጋድሞ ካየ አይጠይቅም፤ ኬላ ነው፣ ይወርዳል፣ ይሰለፋል፣ ይፈተሻል። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያውቁታል፤ እናቱ ጀርባ ላይ የታዘለ አንድ ሕፃን ሁለት እጁን ዘርግቶ ነበር። የሰልፉ ፊት ላይ የቆመው ሰውዬ ደግሞ እጁን እንዳነሳ ሻለቃን ፊት ለፊት ያየዋል። ሻለቃም ጨው እያላመጠ ቀና ብሎ ያየዋል።

"ኬላ አይደለም!" ብዬ ሮጥኩ። "ወገኖቼ፣ ኬላ አይደለም፣ ፍየል ነው!"

"ፈታሹ ፍየል ነው?" አለ ሹፌሩ። ሰነዶቹን ይዞ ነበር።

"የለም! ፍየሉ የሚሻገረው ነው። እናንተ ግቡና ጠብቁ፣ ሲሻገር ይከፈታል።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰዎቹ ተያዩ። አንዲት አሮጊት ከሴቶቹ ሰልፍ "ልጄ፣ እኔን አስቀድመህ ፈትሸኝ፣ ጉልበቴን ያመኛል" አሉኝ።

"እናቴ፣ ፍተሻ የለም ነው የምልዎት።"

"ሳንፈተሽ ብንሄድ ከተማው መግቢያ ያለው ኬላ ላይ ምን ይሉናል? እናንተ ሾልካችሁ መጣችሁ አይሉንም? ፈትሸንና ልቀቀን እንጂ፣ ምነው ታንገላታናለህ?"

ሰልፉ ሁሉ "እውነታቸውን ነው" አለ። ሹፌሩም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ወንድሜ፣ ቶሎ ጨርስልን፣ ገበያ ላይ ቦታ ይያዝብናል" አለኝ።

ምን ላድርግ? ፈተሽኩ። ሰው ፈትሼ አላውቅም፤ ትከሻቸው ላይ አቧራ እንደማራግፍ ነካ ነካ አደረግኳቸው። አንዱ ስለኮረኮረው እየሳቀ መሬት ላይ ተቀመጠ። የሴቶቹን ሰልፍ ግን አልነካሁም፤ ከሩቁ "ደህና ናችሁ?" ብዬ ጠይቄ "ደህና ነን" ሲሉኝ "እለፉ" አልኩ። አሮጊቷ ሲሳፈሩ "እንዲህ ያለ ትሑት ፈታሽ አይቼ አላውቅም፣ እደግ" ብለው መረቁኝ። ይኼኔ ሻለቃ ጨውን ጨረሰና ወረደ፤ አግዳሚው ተነሳ።

አያ ኪሮስ ከደጃቸው ሆነው ሁሉን ነገር አይተዋል። ወደ መንገዱ ወረዱ። "አውቶቡስ ሙሉ ሰው ለሻለቃ እጁን አነሳ" አሉ፤ ዐይናቸው ውስጥ ከዚያ በፊት ያላየሁት ብርሃን ነበር። "ነገም ጨው ጨምርበት።"

ጨመርኩበት። ዐማቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ጨምር ብለውኝ እንዴት እምቢ ልበል?

ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ሰው በተሰለፈበት ቦታ ቆሎ ሻጭ ይመጣል፣ መጣ። የተቀቀለ እንቁላል መጣ። ሻይ መጣ፣ ከሻዩ ጋር አግዳሚ ወንበር መጣ። የሰቆጣ ባጃጆች ገበያው ላይ ቆመው "ፍየሎቹ ኬላ፣ ፍየሎቹ ኬላ፣ አንድ ሰው!" እያሉ መጥራት ጀመሩ። አንድ ጠዋት ደግሞ ደመና ሰንብቶ ባትሪው አልቆ ኖሮ አግዳሚዎቹ እንደ ሕጉ ወርደው አደሩ። ስደርስ መኪናው በሁለቱም በኩል ተሰልፎ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ፣ ፈታሽ ሲጠብቅ ነበር። አንድም ፍየል አካባቢው ላይ የለም። ሕዝቡን ሰብስቤ አግዳሚው ሲበላሽ ለምን እንደሚዘጋ አስረዳሁ። በጥሞና ሰምተውኝ ሲያበቁ "እሺ፣ ፈትሸን" አሉኝ።

አያ ኪሮስ በበኩላቸው ወንበር አውጥተው፣ ነጭ ጋቢ ደርበው መንገዱ ዳር ይውሉ ጀመር። የሚያልፍ ሁሉ ከመኪና ወርዶ እጅ ይነሳቸዋል፤ እሳቸውም ሰው እንደተነሳለት ሽማግሌ ወንበራቸው ላይ ከፍ ብለው "በእግዜር" ይላሉ። ሽንኩርት የጫነው ሁሉ የወንበሩ ባለቤት የኬላው ኃላፊ ናቸው ብሎ ያስባል። ፍየል አልተነካም፤ የካቲት እየተጋመሰ ነው። ለምለም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባጃጇ ኬላው ላይ ቆማ ትወርዳለች፣ እኔን አይታ ሁለት እጇን በቀስታ ታነሳለች፣ እኔም "እለፊ" እላታለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጉዱ የመጣው ከእውነተኛው ኬላ ነው። ከተማው መግቢያ ላይ ሚሊሻዎች ያቆሙት ኬላ አለ። ከኒሯቅ የሚመጡት ተሳፋሪዎች እዚያ ሲደርሱ አንወርድም አሉ። "አሁን ተፈትሸን መጣን፣ ስንቴ ነው የምንፈተሸው?" አሉ። "የት ተፈተሻችሁ?" "ፍየሎቹ ኬላ።" "የማን ኬላ?" "የፍየሎቹ!" አንደኛው እንዲያውም ፈታሹ በጣም ትሑት ሰው እንደሆነ፣ ከእሱም ቢማሩ ጥሩ እንደሆነ ተናግሮ ነበር አሉ። ይህንን የነገረኝ ሰው እኔን ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ ነው።

የሚሊሻው አዛዥ በማግስቱ በሞተር ሳይክል መጣ። ሻለቃ ሰሌዳው ላይ ስለነበር አግዳሚው ወርዷል። አዛዡ ሞተሩን አቆመ፣ ወረደ፣ መታወቂያውን አወጣ፣ እጁን አነሳ። ከዚያ እጁ እንደተነሳ ቀና ብሎ አየ። እኔን አየ፣ አያ ኪሮስን ከነወንበራቸው አየ፣ ሻለቃን አየ። እጁ ቀስ እያለ ሲወርድ ፊቱ ቀስ እያለ ሲቀላ ቆመን ተመለከትን።

"ማን ፈቀደላችሁ?" አለ።

"ኬላ አይደለም፤ የባቡር ምልክት ነው" አልኩት።

ይህንን ባልልለት ይሻል ነበር። "ባቡር?" አለ። "ዋግ ውስጥ?" ግራና ቀኝ አየ፤ የእውነት ባቡር የፈለገ ይመስለኛል። ከዚያ ከቀኑ ማብቂያ በፊት ሁሉንም ነገር እንድነቅል አዘዘኝ፤ ካልነቀልኩ እኔን ራሴን እንደሚነቅለኝ ጨመረ።

ነቀልኩ። ግንዶቹን አወረድኩ፣ መብራቱን ፈታሁ፣ ሰሌዳውን ቆፍሬ አወጣሁ። ቆሎ ሻጮቹ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው በጸጥታ ሄዱ። አያ ኪሮስ ወንበራቸውን ራሳቸው ተሸክመው ገቡ። በሩ ላይ ዞር አሉና "ነገም ፍየል ውኃ ይጠጣል" አሉኝ። "የካቲት ገና አልተጋመሰም። ቃሌ እንዳለ ነው፣ በሁለቱም በኩል።"

ያን ሌሊት የተኛሁ እንዳይመስላችሁ። ለምለም በስልክ "እኔ ስለ ፍየል ብዬ አንተን አልተውህም" አለችኝ፤ ልቤ ሞላ። ግን የአባቷን ምርቃት ሳትይዝ እንደማትወጣ እኔም እሷም እናውቃለን። ምልክት ሲበላሽ መንገድ ይዘጋል ብዬ ለአገር ሁሉ ሳስረዳ ከርሜ፣ የገዛ ምልክቴ መንገዱን ከፍቶብኝ ሞተ።

ሲነጋ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፤ ራሴ አግዳሚ መሆን። ለምለም አንድ ቀን የሰጠችኝን ቀይ ሻርፕ ይዤ መንገዱ መሐል ቆምኩ። አያ ኪሮስ ፍየሎቹን ይዘው ዳገቱ ላይ ብቅ አሉ፤ ሻለቃ ከፊት ነው። ይኼኔ ከኒሯቅ በኩል የሞተር ድምፅ ሰማሁ። አይሱዙ ነው። የዚያ ነጋዴ አይሱዙ! አነዳዱን አገር ያውቀዋል፤ አቧራው ከመኪናው ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ሻርፑን አውለበለብኩ።  ዐይኔን ጨፈንኩ፤ የምልክት ሠራተኛ ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ጨፈንኩ።

ድምፁ ቀነሰ። ፍሬኑ ሲጢጥ አለ። ዐይኔን ስገልጥ አይሱዙው ቆሟል። የቆመው ግን ለእኔ አይደለም፤ ከእኔ ወዲያ፣ ልክ ትናንት አግዳሚው በነበረበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። በሩ ተከፈተ። ነጋዴው ወረደ። ከጀርባው ጋቢ ያጣፉ ሦስት ሽማግሌዎች ወረዱ። ተሰለፉ። እጃቸውን አነሱ። አግዳሚ የለም፣ ደወል የለም፣ መብራት የለም። የቆሙት ለቦታው ነው።

ከሰቆጣ በኩል የመጡ ሁለት ባጃጆችም ቆሙ፤ ተሳፋሪው ወረደ። ፍየሎቹ በእነዚህ ሁሉ እጃቸውን ባነሱ ሰዎች መሐል እየተንጎራደዱ ተሻገሩ። ሻለቃ ሰሌዳው የነበረበትን ባዶ አፈር ላሰው፣ ምንም ጨው አጣ፣ ቅር ብሎት አለፈ። እኔ በዚያች ቅጽበት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ እላችኋለሁ፤ ከትከሻዬ ላይ ተራራ ነው የወረደልኝ።

አያ ኪሮስ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ባዶ እጃቸውን ነበሩ፣ ግን አካሄዳቸው የኬላ ኃላፊ ነው።

"ኸየት ነው?" አሉ።

"ኸኒሯቅ።"

"ምን ይዛችኋል?"

የፊተኛው ሽማግሌ እጃቸውን ሳያወርዱ "ኧረ የእርስዎን ቤት ብለን ነው የመጣን" አሉ። "ልጅዎን ለዚህ ለልጃችን ልንለምን ነው።"

አያ ኪሮስ ጋቢውን ነካ ነካ አደረጉት። እኔ እንዳስተማርኳቸው ነው፣ አቧራ እንደማራገፍ። "ይኸ አያልፍም" አሉ። "የተያዘ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እንባዬን በቀይ ሻርፕ እየጠረግሁ ነበር። "ምልክቱ ተነቅሎም የሚያስቆም ሙያ ካለው፣ እሱ ራሱ ልጄን አይጥላትም" አሉ። ነጋዴው፣ እግዜር ይስጠው፣ ደህና ሰው ነበርና ሽማግሌዎቹን ይዞ ቤት ገባ፤ ቁርስ በልተው ሄዱ።

ሠርጉ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሆነ። ለምለምን ይዘን ከአባቷ ቤት ወደ ሰቆጣ ልንሄድ ተነሳን። አጃቢው በአንድ አውቶቡስና በባጃጆች ተጭኗል፤ ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል። ገና ከግቢው ወጥተን መንገዱ ላይ እንደደረስን ሁሉም መኪና ቀጥ ብሎ ቆመ። ሹፌሮቹን ማንም አላዘዛቸውም። ከበሮው ተቋረጠ። አጃቢው ወረደ፤ ሚዜዎቹ ከነሱፋቸው፣ አያ ደሳለኝ ከነካባቸው፣ ሁሉም ተሰለፈ፣ ሁሉም እጁን አነሳ። ለምለም ቬሏን ሰብስባ ወረደች፣ ከሴቶቹ ሰልፍ ፊት ቆማ፣ አበባዋን እንደያዘች እጇን አነሳች። እኔን አይታ ሳቋን መያዝ አቃታት።

አያ ኪሮስ ከዳገቱ ወረዱ፤ ፍየሎቹም ውኃ ሊጠጡ ከኋላቸው ይወርዳሉ። ሰልፉን ሁሉ አልፈው እኔ ፊት ቆሙ። የኮቴን ኪሶች አንድ በአንድ ነካኩ፣ ትከሻዬን አራገፉልኝ።

"ምን ይዘህ ነው የምትሄድ?" አሉኝ።

"ልጅዎን" አልኳቸው። 

 ለምለምን አዩዋት፣ መንገዱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። እጃቸው ትከሻዬ ላይ እንዳለ ቀረ።

"እለፍ" አሉኝ።

ፍየሎቹ ግን ገና ተሻግረው አልጨረሱም ነበርና ሻለቃ እስኪያልፍ ሁላችንም እጃችንን እንዳነሳን ቆመን ጠበቅነው።